ሦስቱ ፈቃዶች፦ በኮምፒውተራችን ውስጥ ወንበር የተከራየው እንግዳ

(ከሎስ አንጀለስ በሳተላይት ቴሌቪዥን ከቀረበ ሳምንታዊ ሐተታ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ዛሬ ስለ ምርጫም ስለ ጦርነትም አላወራችሁም፤ ስለ ኮምፒውተር ነው የማወራችሁ። «የፖለቲካ ሳይንስ የተማረ ሰው ስለ ኮምፒውተር ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። እውነቱን ነው፣ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። ጉዳዩ ግን የሥልጣን ጉዳይ ነው። ማን ማንን ያያል? በማን ፈቃድ ያያል? ሲያጠፋስ ማን ይጠይቀዋል? ይህ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ስከታተለው የኖርኩት ነገር ነው።

መነሻዬ ትንሽ ነገር ናት። ከሁለት ሳምንት በፊት ከምኖርበት ከዌስት አዳምስ ተነሥቼ ፌርፋክስ ጎዳና፣ ትንሿ ኢትዮጵያ ወደምንለው ሰፈራችን ቡና ልጠጣ ሄድኩ። እዚያ አንድ የኮምፒውተር ትምህርት የሚማር ወጣት አብሮን ተቀምጦ ነበር። «ጋሼ፣ ስልክዎን አንድ ጊዜ ቢሰጡኝ» አለኝ። ሰጠሁት። ቴሌግራሜን ከፈተና ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ «ዲቫይስስ» የሚለውን ነካ። ሦስት መሣሪያዎች ተዘርዝረው ወጡ። አንደኛው በእጁ የያዘው የእኔው ስልክ ነው። ሁለተኛው የቤቴ ኮምፒውተር ነው። ሦስተኛውን ግን አላወቅሁትም። ቆይቶ ትዝ አለኝ፦ ከሁለት ወር በፊት አንድ ወረቀት ለማተም ቸኩዬ የገባሁበት ሱቅ ኮምፒውተር ነው። ወረቀቱን አተምኩ፣ ከፈልኩ፣ ወጣሁ። ቴሌግራሙን ግን አልዘጋሁትም። «የመጨረሻ እንቅስቃሴ» በሚለው ቦታ ላይ የተጻፈው የሁለት ወር ቀን አይደለም። «ትናንት» ይላል።

ወገኖቼ፣ በእኔ ቴሌግራም ውስጥ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? እናንተ ናችሁ ያላችሁት። ከአገር ቤት የምትጽፉልኝ፣ «ጋሼ ስሜን አይጥሩ» ብላችሁ የቀበሌውን ጉድ፣ የእስር ቤቱን ሁኔታ፣ የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ የምትልኩልኝ ሰዎች። አንድ ሰው ያንን ቢያነብ በእኔ ላይ የሚደርስብኝ ነገር ትንሽ ነው። የእናንተ ግን አይደለም። ምናልባት የሱቁ ሠራተኛ ኮምፒውተሩን ሲከፍት ራሱ ተከፍቶ ይሆናል እንጂ ማንም አላነበበው ይሆናል። ይሁን። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይቅርታ የምጠይቃችሁም ለዚህ ነው። ከይቅርታው ጋር ግን ትምህርቱን ላካፍላችሁ።

ያ ወጣት ያስረዳኝን በእኔ ቋንቋ ልንገራችሁ። ዛሬ የምንጠቀምበት ነገር ሁሉ፣ ባንኩም፣ ኢሜሉም፣ ቴሌግራሙም፣ በሁለት ወገን የቆመ ነው። በአንድ ወገን እኛ ጋ ያለው መሣሪያ አለ፤ ክላየንት ይሉታል፣ ደንበኛ ማለት ነው። በሌላው ወገን ሩቅ አገር የተቀመጠው ትልቁ ኮምፒውተር አለ፤ ሰርቨር ይሉታል። ደንበኛው ይጠይቃል፣ ሰርቨሩ ይመልሳል። ችግሩ ሰርቨሩ ፊት አያውቅም፤ በየደቂቃው ከሚሊዮን ሰው ጥያቄ ይመጣበታል። ስለዚህ መጀመሪያ ስትገቡ የይለፍ ቃል ይጠይቃችኋል፤ ትክክል ከሆነ አንድ ምልክት ይሰጣችኋል። ከዚያ በኋላ የሚያየው ምልክቱን ብቻ ነው። ከመግባት እስከ መውጣት ያለውን ይህን ግንኙነት ሴሽን ይሉታል።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ኮንሰርት ስንገባ በር ላይ ትኬታችን ይታይና እጃችን ላይ ወረቀት ይታሰርልናል። ከዚያ በኋላ ወጥተን ብንመለስ ትኬት የሚጠይቀን የለም፤ እጃችንን ማሳየት ይበቃል። አሁን ያንን ወረቀት ቆርጣችሁ ለሌላ ሰው ብትሰጡት ምን ይሆናል? እሱም ይገባል። ዘበኛው የሚያየው ወረቀቱን እንጂ ሰውየውን አይደለም። ሴሽን ማለት ይህ ነው። ያልዘጋችሁት ሴሽን ሜዳ ላይ የጣላችሁት የእጅ ወረቀት ነው። የይለፍ ቃላችሁ የቱንም ያህል ከባድ ቢሆን ወረቀቱን ያገኘውን ሰው አያግደውም።

ሁለተኛው ነገር ፈቃድ ነው፣ ላይሰንስ የሚሉት። ሶፍትዌር ስትገዙ እንደ በግ አትገዙትም። በግ ከገዛችሁ የእናንተ ነው፤ ብታርዱት፣ ብትሸጡት ማንም አይጠይቃችሁም። ሶፍትዌር ግን የምትገዙት የመጠቀም ፈቃዱን ነው። ፈቃዱ ደግሞ ቁጥር አለው፣ ቀን አለው። አንድ መሥሪያ ቤት የሂሳብ ሶፍትዌር ለ10 ሰው ፈቃድ ገዛ እንበል። በአንድ ጊዜ 10 ሰው መግባት ይችላል። ሰርቨሩ ተቀምጦ ሴሽኖቹን ይቆጥራል። 11ኛው ሲመጣ «ቦታ የለም» ይለዋል። አንዱ ሲወጣ ወንበሩ ይለቀቅና ለሚቀጥለው ይሰጣል። የፈቃዱ ቀን ካለፈ ደግሞ ሁሉም ይዘጋል፤ አሳድሱ ይባላል፣ ዓመታዊ የጥገና ገንዘብ ይከፈላል።

እስካሁን የነገርኳችሁ ሰላማዊ ነገር ነው። አሁን ይህንኑ አሠራር ገልብጣችሁ አስቡት። ክላየንቱ እናንተ ሳታውቁ በኮምፒውተራችሁ ላይ የተጫነ ቢሆንስ? ሰርቨሩን የሚቆጣጠረው አዲስ አበባ የተቀመጠ ሰው ቢሆንስ? ወንበሩ ላይ የሚቆጠረው ሠራተኛ ሳይሆን የሚሰለለው ሰው ቢሆንስ? የስለላ ሶፍትዌር የሚሸጡ ኩባንያዎች ዋጋ የሚተምኑት እንዲህ ነው። በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ሰው ለመሰለል ይህን ያህል ይከፈላል። አንዱን ሰው ጨርሰው ሲያወጡት ወንበሩ ለሚቀጥለው ተረኛ ይለቀቃል። ልብ ወለድ አይደለም፤ በእኛው ሰዎች ላይ ደርሷል፣ ተመዝግቧል፣ ፍርድ ቤትም ደርሷል።

በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

በዋሽንግተን አጠገብ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ በተባለች ከተማ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ አለ። ፍርድ ቤቱ ለቤተሰቡ ደኅንነት ሲባል እውነተኛ ስሙን እንዳይጠቀም ፈቅዶለት «ኪዳኔ» በሚል ስም ነው የምናውቀው። በ2012 መገባደጃ ላይ በኢሜል የመጣ የዎርድ ሰነድ በኮምፒውተሩ ተከፈተ። ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር አብሮ ገባ። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት 2013 ድረስ፣ አራት ወር ተኩል ገደማ፣ የስካይፕ ንግግሩን ሲቀዳ፣ ኢሜሉን ሲያነብ፣ ኢንተርኔት ላይ የፈለገውን ሲመዘግብ ቆየ። ኮምፒውተሩን የሚጠቀመው እሱ ብቻ አልነበረም። ልጁ ለትምህርት ቤት የቤት ሥራ የፈለገው ነገር ሳይቀር ተመዝግቧል። የአንድ ሕፃን የቤት ሥራ፣ ወገኖቼ!

መጋቢት 13 ቀን 2013 በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ሲቲዝን ላብ የሚባሉት፣ አንድ ዘገባ አወጡ። የፊንስፓይ ሰርቨሮች በ25 አገሮች መገኘታቸውን ጻፉ። ከነዚህ አንዱ በኢትዮ ቴሌኮም መረብ ላይ ያለ ነበር። ሰዎችን ለማጥመድ ማጥመጃ የተደረገው ደግሞ የግንቦት ሰባት መሪዎች ፎቶግራፍ ነበር። ዘገባው በወጣ በቀናት ውስጥ በኪዳኔ ኮምፒውተር ያለው ሶፍትዌር ራሱን ለማጥፋት ሞከረ። ግን አጥርቶ አልጠፋም፤ የተቀዱት ንግግሮች ርዝራዥ ማሽኑ ውስጥ ቀረ። ማስረጃ የሆነውም ያ ርዝራዥ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ የኢሳት ነው። ስርጭቱ በተደጋጋሚ ሲታፈን የነበረውን የኢሳት ቴሌቪዥን ታስታውሳላችሁ። ታኅሣሥ 20 ቀን 2013፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ፣ ሁለት የኢሳት ባልደረቦች ላይ ሦስት ጊዜ ሙከራ ተደረገ። አንደኛው ቤልጂየም ያለ ሲሆን ሌላው በሰሜን ቨርጂኒያው ቢሮ ነው። በስካይፕ ነው የተላከላቸው፤ አንድ ወዳጅ ጽሑፍ ወይም ቪዲዮ እንደሚልክላችሁ ዓይነት። ሲቲዝን ላብ መረመረው። ሚላኖ፣ ጣሊያን አገር ያለ ሃኪንግ ቲም የተባለ ኩባንያ የሚሠራው ሶፍትዌር ነው አለ። ሶፍትዌሩ ከሚገናኘው ሰርቨር የተገኘው የምስክር ወረቀት ላይ የኩባንያው ስም ምሕጻር ተጽፎበት ነበር። ሌባ ቤት ሰብሮ ሲገባ መታወቂያውን ጥሎ እንደመሄድ ነው።

ዋሽንግተን ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ያኔ ለጋዜጠኞች የሰጠው መልስ ግልጽ ነበር፦ ኢትዮጵያ የዚህን ኩባንያም ሆነ የሌላ ሻጭ የስለላ ሶፍትዌር አልተጠቀመችም፣ የምትጠቀምበትም ምክንያት የለም። እሺ አልን። ሐምሌ 2015 ላይ ግን ሃኪንግ ቲም ራሱ ተጠለፈ። 400 ጊጋባይት የሚያህል ሰነዱ፣ ኢሜሉ፣ የክፍያ ደረሰኙ አደባባይ ወጣ። ከደንበኞቹ መካከል የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ፣ ኢንሳ የምንለው፣ ተገኘ። የአንድ ሚሊዮን ዶላር ክፍያም ተገኘ። የማን ገንዘብ ነው? ጤና ጣቢያ መድኃኒት ያጣው፣ ነጋዴው ዶላር አጥቶ ወረፋ የሚጠብቀው ሕዝብ ገንዘብ ነው። በዚያ ገንዘብ በቨርጂኒያና በቤልጂየም ያሉ ጋዜጠኞችን ለመሰለል ወንበር ተከራየ።

እዚህ ላይ የፈቃዱን ነገር ልብ በሉልኝ። የመጀመሪያው ዘገባ የወጣው የካቲት 2014 ነው። ኩባንያው «ደንበኛዬ ጋዜጠኛ እየሰለለ ነው» የሚለውን ያኔ በዓለም ፊት ሰምቷል። ሆኖም በኅዳርና በታኅሣሥ 2014 እንደገና የኢሳትን ማኔጂንግ ዳይሬክተር ጨምሮ ሙከራ ሲደረግ የተገኘው ሶፍትዌር የታደሰው ነበር። አፕዴት ተደርጓል ማለት ነው። መኪና የሸጠ ሰው «ገዢው ምን እንዳደረገበት አላውቅም» ሊል ይችላል። ይህ ግን የተሸጠ መኪና አይደለም። በየጊዜው ፈቃዱ የሚታደስ፣ የሚጠገን፣ ከፋብሪካው ጋር ገመዱ ያልተቆረጠ ነገር ነው። ሻጩ በፈለገ ቀን ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ «እኔ ሻጭ ብቻ ነኝ» የሚለው መልስ አያዋጣም። ቁልፉ በእጁ ያለ ሰው በሩ ሲከፈት ተጠያቂ ነው።

ሦስተኛው ታሪክ የ2016 እና የ2017 ነው። በኦሮሚያ ተቃውሞ በተቀጣጠለበት ወቅት ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ሶፍትዌር በኢሜል መላክ ጀመረ። ከታለሙት መካከል ያኔ የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ዋና ዳይሬክተር የነበረው ጃዋር መሐመድ ይገኝበታል። አሠራሩ ይህ ነው፤ ቪዲዮ እንድታዩ ሊንክ ይላክላችኋል። ስትነኩት የታወቀ የቪዲዮ ገጽ የሚመስል ነገር ይከፈታል። «ቪዲዮውን ለማየት መጀመሪያ ፍላሽ ፕሌየርህን አሳድስ» ይላል። አሳደስኩ ስትሉ ስለላውን በገዛ እጃችሁ ጫናችሁት። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንደሚባለው ነው፤ ለራሱ መቀመጫ እንድናነጥፍለት ይጠይቀናል፤ እኛም እናነጥፋለን።

የዚህኛው ታሪክ ልዩ ነገር ምን መሰላችሁ? ሰላዮቹ ሴሽናቸውን አልጠበቁም። ሰርቨሩ ማን እንደገባ፣ ከየት እንደገባ፣ የትኛው የተጠለፈ ኮምፒውተር መቼ እንደተገናኘ የሚመዘግብበት የመዝገብ ፋይል ለማንም ክፍት ሆኖ ተገኘ። የሲቲዝን ላብ ተመራማሪዎች ከዓመት በላይ ቁጭ ብለው አነበቡት። የተጠለፉት በ20 አገሮች ያሉ መሆናቸውን፣ የሚያሠሩትም ከኢትዮጵያ የሚገቡ መሆናቸውን ከዚያው አወቁ። ታኅሣሥ 2017 ላይ አወጡት። እኔ ቴሌግራሜን ማተሚያ ሱቅ ትቼ እንደሄድኩት፣ ሰላዩም የራሱን በር ክፍት ትቶ ሄዷል። ልዩነቱ የእኔ ጥፋት እናንተን ያሰጋል፤ የእሱ ጥፋት ግን እውነቱን አወጣልን።

እንግዲህ ርዕሴን ሦስቱ ፈቃዶች ያልኩት ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ፈቃድ አሁን የነገርኳችሁ ነው፤ ኩባንያው ለመንግሥት የሚሸጠው የሶፍትዌር ፈቃድ።

ሁለተኛው ፈቃድ ኩባንያው ያለበት አገር የሚሰጠው ነው። ጠመንጃ ወደ ውጭ ለመሸጥ የመንግሥት ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ሁሉ፣ ከታኅሣሥ 2013 ጀምሮ የዋሴናር ስምምነት የሚባለው የአገሮች ማኅበር የስለላ ሶፍትዌርንም በቁጥጥር ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷል። የጣሊያን መንግሥት ለሃኪንግ ቲም ጠቅላላ የመሸጫ ፈቃድ ሰጥቶት ነበር። ሚያዝያ 2016 ላይ ያንን ሰረዘበት፤ ከአውሮፓ ውጭ ለምትሸጠው ለእያንዳንዱ ለየብቻ ፈቃድ ጠይቅ አለው። ዘግይቷል፣ ግን ይሠራል ማለት ነው። እኛ ዳያስፖራዎች ሰልፍ ስንወጣ ሁልጊዜ ወደ ኢትዮጵያ ኤምባሲ ነው የምንሄደው። ሮም ያለነው ወደ ጣሊያን መንግሥት፣ በርሊን ያለነው ወደ ጀርመን ምክር ቤት ደብዳቤ ብንጽፍ ምናልባት ከሰልፉ በላይ ይሠራል። እዚያ የምንመርጥ፣ ግብር የምንከፍል ሰዎች ነንና።

ሦስተኛው ፈቃድ የፍርድ ቤት ነው። ከሁሉ የሚበልጠውም ይሄ ነው። «መንግሥት ወንጀለኛን መከታተል የለበትም ወይ?» የሚል አስተዋይ ሰው አለ። አለበት። አሸባሪም አለ፣ ሕፃናት የሚሸጥም አለ። ለዚህ ነው ሕግ የተጻፈው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የማንም ሰው ደብዳቤም፣ የስልክም ሆነ የኤሌክትሮኒክስ ግንኙነቱ አይደፈርም ይላል፤ ለየት ባለ አስገዳጅ ሁኔታ፣ በዝርዝር ሕግ ካልሆነ በቀር። ኪዳኔና ኢሳት በተሰለሉበት ዘመን ይሠራ የነበረው የ2009 የፀረ ሽብር አዋጅ፣ እኛ ሁላችን ስንኮንነው የኖርነው፣ እሱ እንኳ ስልክና ኢንተርኔት ለመጥለፍ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይጠይቅ ነበር። የ2016ቱ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅም እንዲሁ። አስቸኳይ ሲሆን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሊፈቅድ ይችላል ይላል፣ ግን በ48 ሰዓት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት መቅረብ አለበት። አሁን ልጠይቃችሁ፤ ሜሪላንድ ያለ የአሜሪካ ዜጋ ቤት ውስጥ ያለን ኮምፒውተር ለመክፈት አዲስ አበባ ያለ የትኛው ዳኛ ነው ፈቃድ ሊሰጥ የሚችለው? ማንም። ስለዚህ ለሶፍትዌሩ ፈቃድ ተገዛ፣ ለሰውየው ግን ፈቃድ አልነበረም።

ኪዳኔ ዝም አላለም። የካቲት 2014 ላይ በኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ጠበቆች አማካይነት የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን ላይ ከሰሰ። በ2016 ፍርድ ቤቱ ክሱን ዘጋው። ይግባኝ አለ፤ መጋቢት 2017 ላይ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም አጸናው። ለምን? ስለላው አልተፈጸመም ብለው አይደለም። የውጭ መንግሥታት ከመከሰስ ነጻ የሚሆኑበት የ1976 ሕግ አለ። መንግሥትን ለመክሰስ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ምድር ላይ መፈጸም አለበት ይላል የዳኞቹ ትርጓሜ። ሶፍትዌሩ ሜሪላንድ ቢገባም፣ የታሰበው፣ የተላከው፣ የታዘዘው ከውጭ ነው፤ ስለዚህ ክሱ አይቀጥልም አሉ። ክላየንቱ አሜሪካ፣ ሰርቨሩ ኢትዮጵያ፤ ፍትሕ በመካከላቸው ባለው ሽቦ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች። አንድ ሰላይ በአውሮፕላን መጥቶ ቤቱን ሰብሮ ቢገባ ኖሮ ሊከሰስ ይችል ነበር፤ ቁጭ ብሎ ከአዲስ አበባ ስለገባ ነጻ ሆነ።

ተስፋ ግን አትቁረጡ፤ ነገሩ እየተለወጠ ነው። በእንግሊዝ ፍርድ ቤት በ2022 አንድ የሳውዲ ተቃዋሚ በአገሩ መንግሥት ላይ ያቀረበውን እንዲህ ያለ ክስ ዳኛው እንዲቀጥል ፈቀዱ። በዚያው በፊንስፓይ ተሰለልን ያሉ የባህሬን ሰዎችም በ2023 ተመሳሳይ ብይን አገኙ፤ ይግባኝ ሰሚውም በ2024 አጸናላቸው። እዚህ እኛ ባለንበት በካሊፎርኒያ ደግሞ ዋትስአፕ መንግሥትን ትቶ ኩባንያውን ከሰሰ፤ ፔጋሰስ የተባለውን የስለላ መሣሪያ የሚሠራውን ኤንኤስኦን። ከክሱ ምክንያቶች አንዱ ምን መሰላችሁ? የአጠቃቀም ውልን መጣስ። እኛ ሳናነብ «እስማማለሁ» ብለን የምናልፈው ያ ረጅም ጽሑፍ ሰላዩን መያዣ ሆነ። ግንቦት 2025 ላይ ዳኞቹ ከ167 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቅጣት ፈረዱበት። ኋላ ዳኛዋ ገንዘቡን እጅግ አድርገው ቢቀንሱትም፣ ኩባንያው ዋትስአፕን እንዳይነካ የሚያግድ ትእዛዝ ሰጥተዋል። ትምህርቱ ግልጽ ነው። መንግሥትን መክሰስ ቢከብድ፣ ወንበሩን ያከራየውን መክሰስ ይቻላል።

አሁን ወደ ዛሬ ልምጣ። «ይህ ሁሉ የድሮው መንግሥት ጉድ ነው፤ አሁን ተለውጧል» የሚለኝ አለ። እውነት ነው፣ በ2018 በኢሳትና በኦኤምኤን ላይ የነበረው ክስ ተነሥቷል። ያኔ አብረን ጨፍረናል፤ እኔም ፌርፋክስ ላይ ባንዲራ ይዤ ወጥቻለሁ። ነገር ግን የዕቃው ተፈጥሮ ከሰው ጋር አይለወጥም። በ2020 ኦኤምኤን ቢሮው ተዘጋ፤ ትናንት በሳይበርቢት የተሰለለው ጃዋርም ታሰረ። በሐሳቡ የምትስማሙም የማትስማሙም ትኖራላችሁ፤ እኔም ያልተስማማሁባቸው ብዙ ነገሮች አሉ። ጥያቄዬ ግን ስለ ሰውየው አይደለም። መንግሥት ሲለወጥ የኢንሳ መጋዘን ውስጥ ያለው ዕቃ ምን ሆነ? የተቀዱት ንግግሮች ተደመሰሱ ወይስ ለአዲሱ ባለሥልጣን ተላለፉ? ኪዳኔ በስሙ የተያዘውን ፋይል መጠየቅ ይችላል? በ2024 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል፤ መውጣቱ መልካም ነው። አዋጁ ዋጋ የሚኖረው ግን ይህን ጥያቄ ለመመለስ ሲውል ነው።

እዚህ ላይ ለራሳችንም ለተቃዋሚዎች እውነቱን ልናገር። ሥልጣን ላይ ያለው ሲሰልለን እንጮሃለን። የእኛ ወገን ሥልጣን ሲይዝ ደግሞ «ጠላት አለና ይሰልል» እንላለን። በዚህ ላይ በኢትዮጵያ ፖለቲካ ውስጥ የማይዋሽ ወገን አላየሁም። የስለላው መሣሪያ ግን ብሔር የለውም፣ ፓርቲም የለውም። ወንበሩ ላይ ዛሬ ግንቦት ሰባት ተቀመጠ፣ ነገ የኦሮሞ ተቃዋሚ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ሌላ። አንዱ ሲነሣ ለሚቀጥለው ይለቀቃል አላልኳችሁም?

በመጨረሻ፣ ምን እናድርግ? ያ ወጣት የነገረኝን አምስት ነገር ላስተላልፍላችሁ።

አንደኛ፣ ዛሬውኑ ቴሌግራማችሁን ክፈቱ። ሴቲንግ፣ ከዚያ ዲቫይስስ። የማታውቁት መሣሪያ ካለ አስወጡት። «ሌሎችን ሴሽኖች ሁሉ ዝጋ» የሚለውን መንካት ይበልጥ ይሻላል። ዋትስአፕም «ሊንክድ ዲቫይስስ» የሚል አለው። የይለፍ ቃል መቀየር ብቻ አይበቃም፤ የታሰረው ወረቀት መበጠስ አለበት።

ሁለተኛ፣ በቴሌግራም ላይ ሁለተኛ የይለፍ ቃል አድርጉ። ቴሌግራም ስትገቡ ቁጥር በኤስኤምኤስ ሊልክላችሁ ይችላል። ያ ቁጥር በስልክ ኩባንያው በኩል ነው የሚያልፈው። በ2016 ኢራን ውስጥ የተቃዋሚዎች ቴሌግራም በዚሁ መንገድ ተጠልፏል። የስልክ ኩባንያው በመንግሥት እጅ ባለበት አገር ለምትኖሩ ይህ ምክር ለእናንተ በእጥፍ ነው።

ሦስተኛ፣ ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ አትጫኑ። እዚህ ላይ ሁላችንም ጥፋተኞች ነን፤ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ስንገለብጥ ነው የኖርነው። ጉዳቱ የማይክሮሶፍት ገንዘብ አይደለም፤ እሱ አይደኸይም። ክራክ የጫነ ሰው «ፈቃድ የለህም» እንዳይባል አፕዴቱን ያጠፋዋል። አፕዴት የሌለው ኮምፒውተር ደግሞ ቀዳዳው እንደተከፈተ ይኖራል። ግንቦት 2017 ላይ ዓለምን ያንቀጠቀጠው ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የተጠቀመበት ቀዳዳ መድፈኛው ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር። የተመቱት ያልደፈኑት ናቸው። መግዛት ያልቻለ ሊኑክስ በነጻ አለለት፤ ፈቃዱም ነጻ ነው።

አራተኛ፣ ካልጠበቃችሁት ሰው ለመጣ ፋይልና ሊንክ አትቸኩሉ። የምታውቁት ሰው ከሆነም ደውሉና «አንተ ነህ የላክኸው?» በሉ። ኪዳኔ የተጠለፈው በዎርድ ሰነድ፣ ኢሳት ላይ የተሞከረው በስካይፕ ፋይል፣ ጃዋር ላይ የተሞከረው በቪዲዮ ሊንክ ነው። ቴሌግራምና ዋትስአፕ መልእክቱን በመንገድ ላይ ሊቆልፉት ይችላሉ፤ ሰላዩ ግን ስልካችሁ ውስጥ ከተቀመጠ ሳይቆለፍ በፊት ከእናንተ ጋር አብሮ ያነበዋል።

አምስተኛ፣ ከተጠረጠረ አታጥፉት። ኪዳኔን ማስረጃ ያስገኘለት ያ ያልጠፋው ርዝራዥ መሆኑን አስታውሱ። ኢሳቶችም የተላከላቸውን ባለመደምሰሳቸው ነው እውነቱ የታወቀው። ለሚያውቅ ሰው አሳዩ።

እኔ በበኩሌ ያንን ሴሽን ዘግቻለሁ። በዚያች ሌሊት ከአገር ቤት የጻፋችሁልኝን ሰዎች አንድ በአንድ አሳውቄ የቆየውን መልእክት ሁሉ አጥፍቻለሁ። ከእንግዲህ የምትጽፉልኝን ካነበብኩ በኋላ አላቆይም። ከእናንተም የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይህን ንግግር ስትጨርሱ ሌላ ነገር ከመክፈታችሁ በፊት ያቺን ዝርዝር ተመልከቱ። አባትና እናት በአገር ቤት ያላችሁ ደግሞ ደውላችሁ የእነሱንም አሳዩአቸው፤ ልጅ ስልክ ሲገዛላቸው የከፈተላቸውን በር ራሳቸው አያውቁትምና።

የሶፍትዌሩ ፈቃድ ከሚላኖ ይገዛል፤ የመሸጫው ፈቃድ ከሮም ይሰጣል፤ የፍርድ ቤቱ ፈቃድ ካለ ከአዲስ አበባ ይወጣል። በእነዚህ በሦስቱ ፈቃዶች ላይ ያልተጠየቀው አንድ ሰው አለ፤ እሱም የሚሰለለው ነው። እስክንጠየቅ ድረስ በሩን እኛው እንዝጋ።

ለዛሬ ይብቃኝ። ሳምንት በሰላም ያገናኘን።